ዶሮ ይቻላል

መጋረጃ ሰፊዋ የግቢውን በር ገፍታ ስትገባ አከራዩ የዶሮዎቹን ቤት በእግሩ እየገፋ ከአጥሩ ጥግ ሲያወጣው ደረሰች። ዶሮዎቹ ውስጥ ናቸው። የጣውላ ሳጥኑ በተንገጫገጨ ቁጥር እርስ በርስ እየተረጋገጡ ይንጫጫሉ፤ ላባ በሽቦው ቀዳዳ እየሾለከ ይበናል። እናቷ እያነከሰች ከሰውየው ኋላ ኋላ ትከተላለች።

"እሺ የኔ ጌታ፣ እናነሣዋለን… ቀስ ይበሉ ብቻ… እሺ።"

ቀኑን ሙሉ ለአንድ ሆቴል መጋረጃ ስትሰፋ ውላ የሰፊዋ ትከሻ ደንዝዟል። መንገዱን ሁሉ የምታስበው እግሯን ዘርግታ መቀመጥን ብቻ ነበር። ያንን የእናቷን "እሺ" ስትሰማ ግን ድካሙ ብን ብሎ ጠፋ። ደሟ ፈላ።

"ጋሼ፣ እግርዎን ያንሡ።"

ሰውየው ዞር አለ። በሥራ ዘመኑ የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም ቁልፍ ከወገቡ ላይ አልወረደም። ንግግሩን ሁሉ "በዚህ ግቢ ደንብ" ብሎ ስለሚጀምር ተከራዮቹ በሌለበት ጋሽ ደንቡ ነው የሚሉት።

"መጣሽ? ጥሩ። ነገ ልጄ መኪና ይዞ ይመጣል። መኪናው የሚዞረው እዚህ ጋ ነው።"

"የት እናድርገው ታዲያ?"

"እሱን እኔን አትጠይቂኝ።"

"ማንን ልጠይቅ? መጀመሪያ ሮቶው ሥር አደረግነው፤ ውሃ ይበክላል አሉ። በሩ አጠገብ ወሰድነው፤ እንግዳ ሲመጣ ያስጠላል አሉ። እዚህ መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ አድርጉት ብለው በጣትዎ ያሳዩን እርስዎ ነዎት።"

"ያኔ መኪና አልነበረማ።"

"ስከራይ ጠይቄዎታለሁ። ዶሮ ይቻላል ብለውኛል።"

ጋሽ ደንቡ ፊቱ ፈካ አለ። መልሱን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ጥያቄው እስኪመጣ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል።

"ዶሮ ይቻላል ብያለሁ። የዶሮ ቤት ይቻላል አላልኩም። በዚህ ግቢ ደንብ ተከራይ የሚከራየው ክፍሉን ነው። ከደጃፍሽ ወዲህ ያለው መሬት የኔ ነው። እስከ እሁድ ታነሺዋለሽ።"

"ዶሮ ያለ ቤት የት ይደር?"

"እሱን ዶሮ ያመጣ ያስብበት" አለና ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወደ በረንዳው ሄደ።

ሰፊዋና እናቷ ሳጥኑን በሁለት በኩል ይዘው ደጃፋቸው ድረስ ጎተቱት። ክፍላቸው ሲገቡ ሰፊዋ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወረወረችው።

"እሺ፣ እሺ፣ እሺ። ሌላ ቃል የለሽም እማዬ?"

"ምን ልበለው ታዲያ? ቤቱ የሱ።"

"በእግሩ ሲገፋቸው ዝም ትያለሽ?"

እናቷ ጫማዋን ለማውለቅ አጎንብሳ ነበር። ቀና ሳትል መለሰች። "አንቺ ጠዋት ትወጪያለሽ ልጄ። ከሱ ጋር የምውለው እኔ ነኝ።"

ሰፊዋ የእናቷን ጫማ ልታወልቅላት ተንበረከከች።

ዶሮዎቹ የእናቷ ናቸው። አባቷ ሲሞት ወንድሟ የወላጆቻቸውን ቤት ሸጠው። "እማዬ ብቻዋን ምን ታደርግበታለች፣ እኔ ጋ ትኖራለች" ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነበር። እሱ ጋ አንድ ክረምት እንኳ በቅጡ አልከረመችም። አንድ ቀን ጠዋት እሷንና በካርቶን የታጨቁ አራት ዶሮዎቿን ይዞ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ከች አለ። "ለጊዜው ነው" አለ። ከዚያ ወዲያ ስልክ ሲደወልለት ወይ ስብሰባ ላይ ነው ወይ መኪና እየነዳ ነው።

እናቷ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ ነበር የምትውለው። ብዪ ሲሏት ትበላለች፤ ተኚ ሲሏት ትተኛለች። ኋላ ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል ሲጀምሩ እሷም አብራ ነቃች። ማለዳ ተነሥታ ጥሬ ትበትናለች፣ ሰጋቱራውን ትለውጣለች፣ ገብስማዋን ለይታ ትቆጣታለች። የግቢው ሴቶች እንቁላል ሊገዙ መጥተው ቁጭ ብለው ያወጋሉ። እማማ ዶሮ የሚል ስም አወጡላት፤ ስሙንም ወደደችው። ሰፊዋ የዶሮ ቤቱን በእረፍት ቀኗ የሠራችው ጨርቅ ከሚመጣበት ሳጥን ጣውላ ነቅላ፣ አውራ ጣቷን በመዶሻ እየቀጠቀጠች ነው። ጋሽ ደንቡ በእግሩ የገፋው ያንን ነበር።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ደላላ ፈልጋ አገኘች። ሁለት ስልክ የያዘ፣ ሲሄድ የሚሮጥ የሚመስል ቀጭን ሰው ነው።

"ልጅ አለሽ?"

"የለኝም።"

"እሰይ። ታዲያ ምን ቸገረን? ዛሬውኑ ትገቢያለሽ።"

"ዶሮ አለኝ።"

ደላላው ቆመ። አንዱን ስልክ ኪሱ ከተተ። "እህቴ፣ ዶሮ የሚል ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ። መጀመሪያ አንቺ ትገቢያለሽ። ከዚያ ዶሮዎቹ ቀስ በቀስ ይከተላሉ።"

"ዶሮ ተደብቆ አይኖርም። ይጮሃል።"

"ዝም የሚል አይነት የለም?"

"የለም። መጀመሪያ ስለ ዶሮዎቹ ንገራቸው። እሺ ካሉ ቤቱን አየዋለሁ።"

የመጀመሪያው ግቢ ከዳር እስከ ዳር ሸክላ ንጣፍ ነበር፤ ባለቤቱ ዶሮ ሲባል ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሁለተኛው ደግሞ ጣሪያው ላይ ከሆነ ግድ የለኝም አለ። ፀሐዩ ቆርቆሮው ላይ ሲንቀለቀል እያየ ነው ይህን ያለው። ሰፊዋ ሰዓቷን እያየች ልትመለስ ስትል ደላላው "አንድ ብቻ፣ አንድ" ብሎ ጎተታት።

ሦስተኛው ቤት ግን ሌላ ነገር ነበር። ክፍሎቹ ሁለት ናቸው፤ እርጥበት የላቸውም። ግቢው ጥግ ላይ አገልግሎቱ የቀረ ማድ ቤት አለ። ግድግዳው እስከ ወገብ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ጣውላ ነው፤ መስኮቱ በሽቦ ወንፊት ተሸፍኗል፤ ወለሉ ደረቅ አፈር። ከጣሪያው ሥር ከግድግዳ ግድግዳ አንድ አጠና ተጋድሟል፤ ቆጥ ይሁን ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሰፊዋ የሰው ቤት መስኮት ስትለካ እንደምታደርገው አንድ ዓይኗን ጨፍና ለካችው። የጠዋት ፀሐይ በዚህ ይገባል። ነፋሱ በዚያ ያልፋል። ውሻ በየትም አይገባም። እናቷ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ጥሬ ስትበትን ታያት።

"ዶሮ እወዳለሁ" አለች ባለቤቷ፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ደልደል ያለች ሴት። "ዶሮ የሌለበት ግቢ ጭር ይላል። አራትም አምስትም አምጪ። ብቻሽን ነሽ አይደል?"

"ከእናቴ ጋር ነኝ፣ እትዬ።"

"እናትሽ ትልቅ ሰው ናቸው?"

"ሰባን አልፋለች።"

"ጤናቸውስ?"

"ደህና ናት። እግሯን ትንሽ ያማታል።"

ሴትየዋ በኀዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። "አይ እንግዲህ፤ ቅር አይበልሽ የኔ እህት። ዶሮዎቹ ይምጡ፣ አንቺም ነይ። ያረጀ ሰው ግን ይቅርብኝ። ከዚህ በፊት አንድ ተከራይ አባቱን አምጥቶ ግቢዬ ውስጥ ሞቱብኝ። ልቅሶው፣ የሰዉ ብዛት፣ የተሰበረው ብርጭቆ። ደግሞ ከዚያ በኋላ ቤቱን ማን ይከራየዋል? ወንድም የለሽም? ለጊዜው እሱ ጋ ቢሆኑስ?"

ደላላው ከኋላዋ በጣቱ ነካ እያደረጋት "እሺ በያት፣ ኋላ እንነጋገራለን" አለ በሹክሹክታ።

የሰፊዋ ዓይን ያ አጠና ላይ ነበር። ቅጽበት ናት፣ ከቅጽበት አትበልጥም፤ ወንድሟ መጣባት። ጥቂት ወር እሱ ጋ ብትሆን ምን አለበት፣ እኔ እዚህ ሆኜ፣ ዶሮዎቹ እዚህ ሆነው… ሐሳቡን ሳትጨርሰው ፊቷ ጋለ። የእናቷን ዶሮ አስገብታ እናቷን ውጪ ልታስቀር።

"እትዬ፣" አለች፣ "ዶሮም እኮ ይሞታል።"

"ምን አልሽ?"

"ምንም አላልኩም። ቤትዎ ቆንጆ ነው። ደህና ይዋሉ።"

ወደ ሥራዋ ስትመለስ ማሽኑን እንዲህ ነድታው አታውቅም። የሆቴሉን መጋረጃ ጠርዝ ስትሰፋ መርፌ ሰበረች፤ ሌላ ቀይራ እሱንም ሰበረች። ከሴትየዋ ይልቅ ያናደደቻት ያቺ ወንድሟን ያሰበችባት ቅጽበት ናት። ደጋግማ ልትረሳት ሞከረች፤ ደጋግማ መጣችባት።

ማታ ግቢው ስትደርስ መሬቱ ላይ የመኪና ጎማ ታትሟል። እሁድ ገና ነው። የዶሮው ቤት ግን የለም። ጣውላው ተነቃቅሎ ከግቢው በር አጠገብ በሥርዓት ተደርድሯል፤ ሽቦው ተጠቅልሏል፤ ቆርቆሮው ከላይ ተከድኗል። ግምጃ ቤት እንደሚገባ ዕቃ።

እናቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባለች፤ ጉልበቷ ተላልጦ ደም አዝሏል። መንገድ ዳር አትክልት የምትሸጠው ሴት በጆግ ውሃ እያፈሰሰች ታጥብላታለች።

"ምን ሆነች?"

"ሳጥኑን ሲያፈርሱት ዶሮዎቹ ተበተኑ" አለች አትክልት ሻጯ። "አንዷ በአጥሩ ዘልላ ወጣች። እማማ እሷን ብለው ሲሮጡ አስፋልቱ ላይ ወደቁ። እኔ ነኝ ያነሣኋቸው።"

"ገብስማዋ ናት" አለች እናቷ። የጉልበቷን ነገር አላነሣችም። "ብጣራ ብጣራ አልሰማችኝም። ሦስቱን ግን ቤት አስገብቻቸዋለሁ።"

ጋሽ ደንቡ በረንዳው ላይ መነጽሩን አድርጎ ተቀምጧል። ሰፊዋ ፊቱ ሄዳ ቆመች።

"እስከ እሁድ ብለውኝ ነበር።"

"ልጄ ቸኩሎ ነበር። መኪናው መውጫ አጣ። ምን ላድርግ?"

"እናቴ ወድቃለች።"

"አይቻለሁ፣ አዝናለሁም። ግን አንድ ነገር ልብ በይ።" ጣቱን ቀሰረ። "የወደቁት ውጪ፣ መንገዱ ላይ ነው። በግቢው ውስጥ አይደለም።"

ሰፊዋ እጮሃለሁ ብላ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመችው ስድብ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ቃሉን ስትሰማ ግን ንዴቷ ከጩኸት አለፈ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ወጣ፤ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

"ጋሼ፣ እናቴ በዕድሜ ትበልጥዎታለች። ይህን ሁሉ ጊዜ 'የኔ ጌታ' እያለች ስትለምንዎ አንድ ቀን ተቀመጡ አላሏትም። ከእንግዲህ አትለምንዎትም። የሚናገሩት ነገር ካለ ከኔ ጋር ነው።"

"እንግዲያው ቤት ፈልጊ።"

"እየፈለግኩ ነው። እስካገኝ ዶሮዎቹ ክፍሌ ውስጥ ናቸው። ተከራይ የሚከራየው ክፍሉን ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

"ክፍል ውስጥ? ግድግዳዬን…"

"ስወጣ ግድግዳዎን ቀብቼ አስረክብዎታለሁ።"

ጋሽ ደንቡ መነጽሩን አወለቀ። መልሶ አደረገው። እሷ ትታው ወደ ክፍሏ ገባች።

ክፍል ውስጥ ዶሮዎቹ አልጋው ሥር ተሸጉጠዋል። እናቷ ጉልበቷን በጨርቅ ጠቅልላ ተቀምጣ ሻንጣዋን ታያለች።

"ወንድምሽ ጋ ልሂድልሽ" አለች። "ዶሮዎቹን ለአትክልት ሻጯ እሰጣታለሁ፤ ጥሩ ልጅ ናት። አንቺም ታርፊያለሽ።"

ሰፊዋ ልትመልስ ስትል ስልኳ ጠራ። ደላላው ነው።

"እህቴ፣ ሴትየዋ እኮ ወዳሻለች። ባለሙያ ትመስላለች አለች። እናትሽን እንግዳ ናቸው ብለን እናስገባቸው። አንዴ ከገቡ ማን ያስወጣቸዋል?"

ሰፊዋ እናቷን አየች። እናቷ እንዳልሰማች ለመምሰል የጨርቁን ቋጠሮ ትፈታለች፣ መልሳ ትቋጥራለች።

"አይሆንም።"

"ዶሮ አይደበቅም አልሽ፤ እናትም አይደበቁም። ምኑን ልደብቅልሽ ታዲያ?"

"ምንም አትደብቅ። ከእንግዲህ ቤት ስትጠይቅልኝ ስለ ዶሮ አትናገር። መጀመሪያ ስለ እናቴ ንገራቸው። አርጅታለች፣ እግሯን ያማታል፣ ልጇ ጋ ነው የምትኖረው በላቸው። እሺ ያለ ሰው ስታገኝ ደውልልኝ፤ ስለ ዶሮዎቹ እኔ እነግረዋለሁ።"

"እንዲህ ከሆነ ጊዜ ይወስዳል።"

"ይውሰድ።"

ስልኩን ዘግታ ሻንጣውን አንሥታ ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። ከዚያ የስፌት ማሽኗን ከመስኮቱ ሥር ጎትታ አልጋው አጠገብ አደረገች። መስኮቱ ሥር ያለው ቦታ ብርሃን ያገኛል። ካርቶን አነጠፈች፤ ሰጋቱራ በተነች፤ ወደ ግቢው በር ሄዳ ከተደረደረው ጣውላ አንድ ረጅም አምጥታ በሁለት ወንበሮች ላይ አጋደመችው። ጥቁሯ ዶሮ ቀድማ ወጣች፤ ሁለቱ ተከተሏት።

እናቷ ቆማ፣ እያነከሰች፣ በሩን ልትዘጋ ሄደች።

"ድምፃቸው እንዳይሰማ" አለች።

"ተዪው እማዬ። ገብስማዋ ብትመለስ በየት ትገባለች?"

ሰፊዋ በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ከፈተችውና ነፋስ እንዳይመልሰው ከባዱን የስፌት መቀሷን ከሥሩ ወሸቀችበት።