በሻሼ የተመረቀችው ምራቴ

ዳሌዬ ተሰብሮ ዊልቸር ላይ ከተቀመጥኩ ወዲህ ልጄ አንድ አመል አወጣ። ገና ውሃ ሳይጠማኝ ብርጭቆው አፌ ላይ ይደርሳል። ቀና ስል ትራስ፣ ዞር ስል ብርድ ልብስ። እጄን ወደ ጎማው ከሰደድኩማ፣ "ኧረ እማዬ፣ እኛ ሞተናል እንዴ?" ይላል። አልሞቱም። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ቢሞቱ ኖሮ ይሄኔ ደጅ ደርሼ ነበር።

ደጅ ስል ሩቅ አገር እንዳይመስላችሁ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከበራችን ፊት ለፊት፣ ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛዬ ትኖራለች። እኔ የሰፈሩን ቀሚስ ስሰፋ፣ እሷ የሰፈሩን ራስ ስታበጥር አብረን አረጀን። ማታ ማታ በሯ ላይ ተቀምጠን አላፊ አግዳሚውን ስንቦጭቅ እናመሽ ነበር። አሁን የእሷ ዓይን ፈዟል፣ መንገድ መሻገር አትችልም። የእኔ ነገር ደግሞ እንደምታዩት ነው። የምንገናኘው ልጄ ሲመቸው ነው፤ ልጄ የሚመቸው እሁድ ነው፤ እሁድም ኳስ ከሌለ። ሐሜት ደግሞ እስከ እሁድ አይቆይም፣ ይሻግታል።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን መንገድ ማንንም ሳልለምን መሻገር። የሚያግደኝ የክፍሌ ደፍ ነው። የክፍሌ በር ወደ ደጅ ነው የሚከፈተው፣ ደረጃውንም አናጢ በጣውላ ሸፍኖልኛል። ደፉ ግን እንደ ዘበኛ ተገትሮ ይጠብቀኛል።

ከዚያ ታብሌቱ መጣ። የሕክምና ማእከሉ "የዊልቸር አነዳድ ቤትዎ ሆነው ይማሩ" ብሎ ነው የላከው። ታብሌቱ ትምህርቱን ያሳያል፣ ተማሪዋ ትለማመዳለች፣ ቤተሰብ ቀርጾ ይልካል፣ ሐሙስ ሐሙስ አሰልጣኟ በስክሪኑ ብቅ ብላ ታርማለች። ብቅ ለማለት ራሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። "ትሰሙኛላችሁ?" ትላለች። እንሰማታለን። "እኔ አልሰማችሁም" ትላለች። ልጄ ቤቱ እስኪናወጥ ይጮሃል።

የመጀመሪያው ትምህርት ፍሬን ነበር። "እናቴ፣ ሲቆሙ ሁለቱንም ፍሬን ይያዙ" አለችኝ አሰልጣኟ። ያዝኩ። ቀጭ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ በራሴ እጅ የሠራሁት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበርና ደስ አለኝ። ደስታዬ በዚያው ዕለት አለቀ።

ሁለተኛው ጎማ መግፋት ነው። ገና አንዴ ገፍቼ ትንፋሽ ቁርጥ ቢለኝ ልጄ እንባ አቀረረ። "እናቴን እያለከለከች ቀርጼ ለባዕድ አልክም!" ብሎ ካሜራውን አጠፋ። ቀረጻው ካልተላከ ግን ታብሌቱ ቀጣዩን ትምህርት አይከፍትም። ልጄና ሚስቱ ኩሽና ገብተው መከሩ። የምክራቸው ፍሬ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ምራቴ ሻሼን አስራ፣ ሹራቤን ለብሳ ዊልቸሬ ላይ ተቀመጠች፣ ልጄም ከኋላ ቀረጻት። አልጋዬ ላይ ተኝቼ ራሴን ስነዳ አየሁ።

"ኧረ እኔ ልማር!" ብል ጆሮ ዳባ ልበስ። "አይድከሙ እማማ፣ እኔ አለሁልዎት አይደል?" ትለኛለች ምራቴ፣ በዊልቸሬ እየተሽከረከረች። ሥራ ሲሄዱ ደግሞ እንዳልወድቅ ብለው ዊልቸሩን ከአልጋዬ አርቀው ያቆሙታል። ቢጠሉኝ በቀለለኝ። ከአንጀታቸው ነው የሚወዱኝ፤ እንዲህ ያለ ፍቅር ነው ሰውን አልጋ ላይ የሚያስቀረው።

ሐቁን ለመናገር ምራቴ ጎበዝ ወጣች። በጠባብ ቦታ ዞረች፣ ወደ ኋላ ሄደች። የደፉ ትምህርት ሲደርስ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ትልልቆቹን ጎማዎች ደፉ ላይ አስጠግታ፣ ወደፊት ጎንበስ ብላ ጎማውን ሳብ አደረገችና ተሻገረች። እኔ ዓይኔን ከእጆቿ አልነቀልኩም። ሐሙስ ሲሆን አሰልጣኟ "ጎበዝ እናቴ! በጣም ተሻሽለዋል!" ትለኛለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የመጨረሻው ፈተና ግን በቀጥታ ነው፣ ፊት እየታየ። ሻሽ ይታሰራል፣ ሹራብ ይለበሳል፤ የእኔን መጨማደድ ግን ማንም አይዋስም። ልጄ ተጨነቀ። "እማዬ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ ካሜራው በማያየኝ በኩል እገፋሻለሁ" አለኝ። በዕለቱ ሻሼ ተመለሰልኝ፣ ዊልቸሬ ላይ ተቀመጥኩ። አሰልጣኟ ብቅ አለች። "እናቴ፣ ደፉን ተሻግረው ያሳዩኝ፤ ሌላ ሰው ግን እንዳይ..." አለችና አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች። ኔትወርኩ ሄደ።

ቤቱ ተሸበረ። ልጄ ታብሌቱን ይዞ ወደ መስኮቱ ሮጠ፣ ምራቴ ተከተለችው። "ከፍ አድርገው!" "ኧረ አጥፍቼ ላብራው!" ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጡኝ። እኔም ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ።

ጎማው ደፉን ነካ። ጎንበስ ብዬ ሳብኩ፤ እምቢ አለ። አልዋሽም፣ ፈራሁ። ብወድቅ "ብለን ነበር" እያሉ እስከ ዕለተ ሞቴ በማንኪያ ያጎርሱኛል። ይሄ ሐሳብ ከመውደቁ በላይ አናደደኝ። ጥርሴን ነክሼ ደግሜ ሳብኩ። ትልልቆቹ ወጡ፣ ትንንሾቹ ተከተሉ። እየራቅኩ ስሄድ የሁለቱ ጀርባ ከፊቴ ነበር። "ሃሎ! ይሰማል?" ይላሉ።

ጎማውን በመዳፌ እየያዝኩ ጣውላውን ወረድኩት። መንገዱ ላይ አንድ ሾፌር ጥሩምባውን አንባረቀብኝ። "እኔ ስንቱን ጠብቄያለሁ፣ አንተም ትንሽ ጠብቅ!" ብዬ ጮህኩበት። ቆመ።

ጓደኛዬ በሯ ላይ ተቀምጣለች። የጎማውን ድምፅ ሰምታ፣ "ልጅሽ ዛሬ ኳስ የለውም እንዴ?" አለችኝ።

"ልጄ የለም። እኔ ነኝ።"

"ማን ገፋሽ ታዲያ?"

"እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ሴት!"

እጇን ሰዳ ጎማውን ዳበሰች፤ ከዚያ መዳፌን። መዳፌ ተልጧል። ሁለታችንም አለቀስን። እንባችን ሳይደርቅ ሐሜቱን ጀመርን፤ ምራቴን ነው ያስቀደምነው።

ብዙም ሳንቆይ ልጄ ታብሌቱን እንዳቀፈ እየሮጠ መጣ። ኔትወርኩ ተመልሷል። አሰልጣኟ ከብብቱ ሥር ሆና "እናቴ የት አሉ? ትሰሙኛላችሁ?" ትላለች። የልጄ ፊት አመድ መስሏል። "እማዬ! እኛ ሞተናል እንዴ?" አለና ታብሌቱን ለፀጉር ሠሪዋ አስታቅፎ የዊልቸሩን እጀታ ከኋላዬ ያዘ። ገፋ። አልሄደም። ትንፋሹ ቁርጥ እስኪል ገፋ። ዊልቸሩ ንቅንቅ አላለም።

"ምን ሆኗል ይሄ ነገር?" አለ።

"ፍሬን ይዣለሁ" አልኩት። "የመጀመሪያውን ትምህርት የተማርኩት እኔ ነኝ።"