ባኺት የዘራው ባቄላ

የልጅ ልጄን ሱዓድን ሳል ሲይዛት ደረቷን በሞቀ ዘይት የሚያሽላት ማን ይሆን? ኮም ኦምቦ ያለው የአጎቷ ቤት ሴቶች ሞልተውበታል አሉ። ሴት በሞላበት ቤት ደግሞ አንዷ በሌላዋ እያመኻኘች ልጅ ሳይታይ ያድራል።

ልጄ ባኺት ሸንኮራ አገዳ የጫነ ጀልባ ተገልብጦበት አባይ ላይ የቀረው በታኅሣሥ ነው። በጥቅምት ከጓሯችን ውኃ መውረጃ ዳር አንድ መደብ ባቄላ ዘርቶ ነበር፤ አበባውን ሳያይ ሄደ። እሸቱን ማንም እንዳይነካው ከለከልኩ። ሲደርቅ ፈልፍዬ፣ ነቀዝ እንዳይበላው በአመድ አሽቼ፣ ለዘር ብዬ በማሰሮ ከአልጋዬ ሥር አኖርኩት። ጎረቤቴ ኡም ሂላል ትስቅብኛለች፤ ወርቅ ደብቃ ባቄላ ነው ትለናለች እያለች ለሰው ታወራለች።

የልቤን ግን ለእሷም አልነገርኳትም። የምራቴ የረውሒያ ወንድም እህቴንና ልጇን ልውሰድ እያለ ደጋግሞ ልኮብን ነበር። ዘሩ ቤት ውስጥ እስካለ ረውሒያ ጥቅምትን ትጠብቃለች፤ ከዘራች ደግሞ እስክታጭድ ትቆያለች፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ልጅቷ እጄ ላይ ታድጋለች ብዬ ነበር።

ዛሬ ጧት ግቢው ባቄላ ባቄላ ሸተተኝ። ረውሒያ ማታ ባቄላ ሌሊቱን እንዲበስል ድስቱን ከምድጃው ትኩስ አመድ ውስጥ ስትቀብር አይቻለሁ፤ ከገበያ የገዛነው መስሎኝ ተኛሁ። ወደ ሳህኑ ስትገለብጠው ግን ፍሬው ሰፋፊ ነው፤ የገበያው እንዲህ አይደለም። ገብቼ ማሰሮውን ከአልጋው ሥር ሳብኩት። አመድ ብቻ ነው።

«ረውሒያ፣ ዘሩን?» አልኳት።

ከሙን እየነሰነሰች ነበር፤ ቀና አላለችም። «እማማ፣ ሱዓድ አንድ ጊዜ እንኳ ከአባቷ እጅ ትብላ ብዬ ነው። ወንድሜ ዛሬ ይመጣል።»

ያልኩትን ሁሉ አሁን አላስታውሰውም። የልጅቷን ሳል አነሳሁ፤ እዚያ አገር የስኳር ፋብሪካው ጭስ ለደረት አይሆንም አልኩ፤ ሌላ ዘር ከኡም ሂላል እንለምናለን አልኩ። ሁሉንም ሰማችኝ። ዳቦውን እየቆረሰች ከፊታችን ደረደረች።

ሱዓድ አራት ዓመቷ ነው። እንዳስተማርኳት ባቄላውን ትልጥና ልጣጩን ጉልበቴ ላይ ትደረድራለች።

«አያቴ፣ አንቺ አትበይም?»

«ጥርሴን አሞኛል።»

«ጥርስ መቼ አለሽና!» ብላ ሳቀች፤ እናቷም ሳይታሰባት ሳቀችና ፊቷን አዞረች። ልጅቷ አንዱን ልጣ አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። ቅቤ ሆኗል። ባኺት ድሮም የሚበስል ዘር መምረጥ ያውቅበታል። ለልጅቷ ስል ዋጥኩት።

ባጃጁ በረፋዱ መጣ። ወንድሟ በትሕትና ሰላም ብሎኝ ጓዙን ጫነ። የሱዓድን አንገት በሻርፕ ጠመጠምኩላት፤ ይሞቀኛል ብላ ፈታችው፤ መልሼ ጠመጠምኩት። ረውሒያ ድስቱን አጥባ ቦታው ላይ ደፋችው። ከዚያ ያቺን ባዶ ማሰሮ አንስታ፣ አመዱን ጓሮ ሄዳ በባኺት መደብ ላይ በተነችውና ማሰሮዋን ከአልጋዬ ሥር መለሰችልኝ። እጄን ሳመች። የሆነ ነገር ትለኛለች ብዬ አፍ አፏን አየሁ።

ልጅቷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች።