ሁለተኛው ቢጫ ጨርቅ

ብራንት ኳሱን ለዳኛው ወረወረላቸው፤ ዳኛው ግን ልጁ ኳሱን መሬት ላይ የፈጠፈጠው መሰላቸው።

ወንድሜ ብራንት መስመሩን ተሻግሮ ስድስት ነጥብ እንዳስቆጠረ፣ እንደ ልማዱ ሞላላውን የአሜሪካ ፉትቦል ኳስ በቅርብ ላለው ዳኛ ሊያስረክብ ዞረ። በቅርብ የነበሩት አቶ ስትሮ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ነጥቡ መቆጠሩን ለማሳየት ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ዋናውን ዳኛ እያዩ ነበር። ኳሱ በብብታቸው ሥር አለፈ፣ መሬት ላይ ነጠረ፣ ከራሳቸው በላይ ዘለለ። ዞር ሲሉ ያዩት የሚዘለውን ኳስና አጠገቡ የቆመውን ወንድሜን ብቻ ነው። ጥፋት መፈጸሙን የምታመለክተውን ቢጫ ጨርቅ ከወገባቸው መዝዘው ጣሉ።

"ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለው ድርጊት" አሉ። "ዐሥራ አምስት ያርድ!"

እኔ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቄ ስለቆምኩ ሁሉንም አይቻለሁ። መናገር ግን አልችልም ነበር፤ ዘንጉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ዘንጉ ኳሱ ያረፈበትን ቦታ ያሳያል። አናቱ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ ይናገራል። አባባ ሠላሳ ዓመት ያህል ይዞታል። በበጋው ከእህል ጎተራው መሰላል ወድቆ ዳሌው ስለተሰበረ፣ ዓርብ ዓርብ ከዩኒቨርሲቲ እየመጣሁ በእሱ ፈንታ የምይዘው እኔ ሆንኩ። ዘንግና የርቀት መለኪያ ሰንሰለት የሚይዙ ሰዎች የሠፈሩ ልጆች ቢሆኑም ከዳኞች ወገን ይቆጠራሉ። አያጨበጭቡም፣ አይሳደቡም፣ ለተጫዋች ቃል አይተነፍሱም፣ ምልክትም አይሰጡም፤ ይህን የጣሰ ከቦታው ይነሣል።

"ዘንግ የያዘ ሰው አፍ የለውም" አለኝ አባባ ሰደርያውን ሲያለብሰኝ። ከዚያ ሳቀ። "አንቺ እንደሆንሽ ድሮም የለሽ።"

ቡድናችን ወደ ኋላ የተመለሰው ዐሥራ አምስት ያርድ አላሳሰበኝም። ሮጦ የሚመለስ ቦታ ነው። የከበደኝ ቆጠራው ነው። በዚህ ጨዋታ ሰው ጥሎ መሬት ላይ መደፍጠጥ ይፈቀዳል። ቢበዛበትም ሌላ ስም ያለው ሌላ ቅጣት አለው። ይኸኛው ግን ሰው ሳይነኩ የሚሠራ ጥፋት ነው፦ ስድብ፣ ፉከራ፣ የእጅ ምልክት፣ ኳስ መፈጥፈጥ። አንድ ልጅ በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ከተያዘበት ከሜዳ ይወጣል፤ የሚቀጥለውንም ጨዋታ አይጫወትም።

የሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ የኤልደር ፎርክ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ልጅ ስላነሰ ትምህርት ቤታችን ሊዘጋ ነው። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ልጆቻችን በአውቶቡስ ወደ ጎረቤቱ የሃርግሮቭ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። የዚያ ምሽት ተጋጣሚያችንም ሃርግሮቭ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ብራንት ከሜዳው ወጥቶ፣ ሄልሜቱን አውልቆ በክንዱ ሥር ይዞ ወደ አቶ ስትሮ መጣ። የእኛ አገር ወንዶች ልማድ ነው፤ ቁም ነገር ሊናገሩ ሲሉ መጀመሪያ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። አያታችን "ባርኔጣህን ሳታወልቅ የምታወራው ስለ ዝናብ ብቻ ይሁን" ይል ነበር።

"ጌታዬ፣ ኳሱን ለእርስዎ ነበር የወረወርኩት" አለ ብራንት።

"ሊሆን ይችላል፣ ልጄ። እኔ የምፈርደው ያየሁትን ነው።" አቶ ስትሮ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንድ ነገር ልንገርህ። እዚህ ውጭ እንደዚህ ማውለቅህ ደግ ነው። ሜዳ ውስጥ ሄልሜትህን ካወለቅህ ግን እሱ ራሱ ጥፋት ነው። ቃል ባይወጣህም ጨርቁን እጥላለሁ።"

"ገባኝ።"

"እንግዲህ ሁለተኛውን አታስጥለኝ።"

ብራንት ሲያልፍ አየኝ። ዐይኔን ወደ ዘንጉ መለስኩ።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር የሃርግሮቩ ኮልት ራድማከር ብራንት አንድ ጨርቅ እንዳለበት ደርሶበት ነበር። ኮልት ሰፊ ትከሻና ለስላሳ ድምፅ ያለው ልጅ ነው። ዳኛ ፊቱን ሲያዞር ብቻ፣ ወይም ሰው በሰው ላይ ሲከመር ከሥር ሆኖ ይናገራል። ሲነሣ ለብራንት እጁን ዘርግቶ ያነሣዋል። ከመቀመጫው ለሚያየው ጨዋ ልጅ ነው።

"እኔ ምንም የለብኝም" አለው መጀመሪያ። "አንድ ብባል ቀሪ አለኝ። አንተስ፣ ወንድሜ?"

ብራንት የጥርሱን መከላከያ ነከሰ።

"የሚመጣው ዓመት የእኛን ማሊያ ነው የምትለብሰው። ካሁኑ መታዘዝ ተለማመድ እንጂ። ውኃ ማመላለስ ትችላለህ?"

ብራንት በሚቀጥለው ሙከራ ኮልትን በደንቡ መሠረት ወገቡን ይዞ ጣለው፣ ተነሣ፣ ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ይህ ኮልትን ይበልጥ እንደሚያተጋው ገባኝ።

ከጎኔ ሰንሰለቱን የያዙት አቶ ዌንደል ሰምተዋል። ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ "ይሄ ልጅ ጥፊ ያስፈልገዋል" አሉ። አቶ ስትሮ አጠገባችን ቆመዋል፤ ግን ነፋሱ ከእኛ ወደ እርሻው ነበር የሚነፍሰው፣ እሳቸውም ኳሱን ነው የሚያዩት። ብንነግራቸውም ዋጋ የለውም። ዳኛ በራሱ ጆሮ ያልሰማውን አይቀጣም።

በአራተኛውና በመጨረሻው የጨዋታ ክፍል ኮልት እኔንም አወቀኝ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ምናልባት ብራንት ቶሎ ቶሎ ወደ እኔ ስለሚያይ ይሆናል። ጨዋታው በእኛ በኩል ሲቆም ቀጭን ቁመናዬን ከእግሬ እስከ ራሴ አየና ለጓደኛው ጮክ ብሎ፦

"ከሁለቱ ዘንጉ የትኛው ነው?"

ጓደኛው ሳቀ። እኔ ቁጥሩን ከሁለት ወደ ሦስት ቀየርኩ። ከሜዳው ጀርባ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ፒካፖች ፊታቸውን ወደ ሜዳው አድርገው ተደርድረዋል። የእኛም እዚያ ነበር፤ አባባ እግሩን ዘርግቶ፣ ብርድ ልብስ ደርቦ ውስጡ ተቀምጧል። ብራንት ነጥብ ሲያስቆጥር አባባ የነፋው የመኪናው ጥሩምባ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ከዚያ ሆኖ ሁሉንም ያያል፣ ምንም አይሰማም። እኔ ሁሉንም እሰማለሁ፣ ምንም አልልም። ብራንትም እንዲሁ። ሰዓቱ የቆመ እስኪመስለኝ ድረስ ሰሌዳውን አየሁ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኮልት ኳሱን ይዞ በእኛ ጠርዝ ሮጠ። ብራንት ደረሰበትና ሁለቱም ተንከባለው ከመስመሩ ውጭ እግራችን ሥር ወደቁ። እኔና አቶ ዌንደል ወደ ኋላ አፈገፈግን። አቶ ስትሮ ሮጠው መጡ፣ ኳሱ የወጣበትን ቦታ በእግራቸው ረግጠው ያዙ፣ እኔም ዘንጉን እዚያው ተከልኩ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ሌላ ኳስ እስኪቀበሉ ወደ ሜዳው መሀል ያዩ ነበር።

ኮልት ወደ መስመሩ ውስጥ ሲመለስ ብራንት አጠገቡ ነበር።

"አባትህ ሰክሮ ነው አሉ ከመሰላሉ የወደቀው" አለው በዚያ ለስላሳ ድምፁ። "እኛ ጋ ሁሉም ያውቃል። ልጆቹ ብቻ ናቸው የማያውቁት።"

አባባ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ኮልት ይህን አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም ነበር።

ብራንት ቆመ። አልጮኸም፣ አልገፋውም። ዞሮ ፊት ለፊቱ ቆመና እጁን ወደ አገጩ አነሣ። አንዱ የሄልሜቱ ማሰሪያ ቁልፍ ጠቅ ብሎ ተፈታ። እኔ ያን እጅ አውቀዋለሁ፤ የአባባ እጅ ነው፣ የአያቴ እጅ ነው። ወንድሜ ለአንድ ሰው ፊት ለፊት እውነት ሊነግር ሄልሜቱን እያወለቀ ነበር። እግሩ ያለው ደግሞ ሜዳ ውስጥ ነው።

ኮልት ፈገግ አለ። አቶ ስትሮ ኳሱን ተቀብለው ሊያስቀምጡ ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ የሚያዩት ወንድሜን ነው። "ብራንት!" ልል አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

ስለዚህ ጣቶቼን ፈታሁ።

ዘንጉ ከእጄ ወጥቶ በአቶ ስትሮ እግር አጠገብ ወደቀ። አናቱ ላይ ያለው ብረት ከሜዳው ዳር ካለው የድንጋይ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ አንቃጨለ። አቶ ስትሮ ደንግጠው ፊሽካቸውን ነፉ፣ ወደ መሬትም አዩ። ብራንት ወደ ድምፁ ዞረ። እኔ ዐይኑን አላየሁም፤ አገጩን ነው ያየሁት። እስኪገባው ድረስ ትኩር ብዬ አየሁት። እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ማሰሪያውን ፈልጎ አገኘው።

ጠቅ።

"ምንድን ነው?" አሉ አቶ ስትሮ። "አመለጠሽ?"

"አይ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "ለቀቅኩት።"

"ሆን ብለሽ?"

"አዎ።"

እኔን አዩ፣ ቀጥለው ብራንትን። የብራንት ጣት አሁንም ማሰሪያው ላይ ነበር። ኮልትን ትንሽ ረዘም አድርገው አዩት፤ ኮልት ግን አፉን ዘግቶ የጫማውን ክር ያጠብቅ ነበር። ያላዩትን ሊፈርዱ አይችሉም።

"ደንቡን ታውቂዋለሽ" አሉኝ።

"አውቀዋለሁ።"

"እንግዲያው ሰደርያውን አውልቂ። ዌንደል፣ ዘንጉን ያዙት። ሰንሰለቱን የሚይዝ አንድ ሰው ከአጥሩ ጥሩልኝ።" ከዚያ ቀስ ብለው "በሚመጣው ዓርብም አትምጪ፤ እኔ ነኝ የማጫውተው" አሉ።

በአጥሩ በር ወጥቼ ወደ ፒካፑ ሄድኩ። ሰዎች ያዩኝ ነበር። አባባ በሩን ከውስጥ ከፈተልኝ።

"ወደቀ እንዴ?"

"ወደቀ፣ አባባ።"

"በእኔ እጅ አንድ ቀን እንኳን..."

"አውቃለሁ።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ፊቱ ግን ጠቆረ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። ኮልት መናገሩን አላቆመም መሰለኝ፤ ብራንት ግን ሁለት እጁን ከወገቡ በላይ አላነሣም።

በሚቀጥለው ዓርብ ብራንት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። ዘንጉን አቶ ዌንደል ያዙት፣ እኔና አባባም ጨዋታውን ከአጥሩ ውጭ፣ ፒካፑ ውስጥ ሆነን አየነው።