የነጅሚያ ፍላሽ

ኛኪም የዲሽ ሪሲቨሯን ከነአቧራው ዘውዱ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ላቧን በመዳፏ ጠረገች።

"ዘውዱ፣ ትናንት ጥሩ ነበር። ዛሬ ቻናል የለም። ማታ ምግብ ቤቴ ኳስ አለ፣ ሰው ይመጣል።"

ዘውዱ ገና ሳይከፍተው ከኋላው የተሰካችውን ትንሽ ፍላሽ አየ።

"ይሄን ማን ሰካው?" አለ፣ እያወቀ።

"ነጅሚያ። መጀመሪያ እሷ ጋ ሄድኩ፣ ዝግ ነው። ጁምዓ ነው ዛሬ።"

ዘውዱ ጋምቤላ ውስጥ ዲሽ መሥራት ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ቻናሎቹ ተቀይረው የድሮ ሪሲቨሮች እምቢ ሲሉ፣ ለመጣው ሁሉ "ይሄ አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ" አለ። ከመንገዱ ማዶ ስልክ የምትጠግነው ነጅሚያ ግን አዲሱን ሶፍትዌር ፍላሽ ላይ ጫነችና አሮጌው ሪሲቨር ከፍላሹ ተነሥቶ እንዲሠራ አደረገች። የውስጡን አልነካችም፤ ፍላሹ ከተነቀለ ወደ ድሮው ይመለሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ዘውዱን እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር እንዴት ለእሱ አልመጣለትም?

ቀና። በሃምሳ ዓመቱ እንደ ሕፃን ቀና። በሦስት ወር ውስጥ ሰው "ዲሽ ሠሪው የት ነው?" ሲባል ወደ ማዶ መጠቆም ጀመረ። የራሱ ቤት ሪሲቨርም እምቢ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። ሚስቱ እሙዬ አንድ ቀን "ሁሉም ሰው አሠርቷል፤ የኛንስ ለነጅሚያ ብትሰጣት?" ብትለው እራቱን ትቶ ተነሣ።

አሁን ፍላሹን በጣቱ ነካ አደረገው። ላልቷል እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም። ጠበቅ አድርጎ ቢሰካው ኛኪም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ትሄድ ነበር።

"ፍላሽ የማያስፈልገው አድርጌ ልሥራልሽ?" አላት።

"ይቻላል?"

"ለምን አይቻልም!"

እንደማይቻል ልቡ ያውቃል። የሪሲቨሩ ሜሞሪ ትንሽ ነው፣ ሶፍትዌሩ ትልቅ፤ ነጅሚያ ፍላሽ የተጠቀመችውም ለዚህ ነው። ቢሆንም ሪሲቨሩን ከሱቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘና ሶፍትዌሩን ከፍላሹ ወደ ውስጥ እንዲጭን በሪሞቱ አዘዘው። ጭነቱ ስልሳ ሁለት በመቶ ላይ ሲደርስ ቆመ። ስክሪኑ ጠፋ። ሪሲቨሩ ፊት ላይ "ቡት" የሚል ቀይ ጽሑፍ ብቻ ቀረ፤ መነሣት አቅቶታል። ነቀለው፣ ሰካው። ቡት። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ፤ ያውም የሰው ንብረት።

"ሞተ?" አለች ኛኪም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የነጅሚያ ፍላሽ ነው ያበላሸው?"

አንድ "አዎ" ይበቃ ነበር። ኛኪም ለተስተናጋጆቿ ሁሉ ትነግራለች፤ ከነገ ጀምሮ ማንም ፍላሽ አያሰካም። ቃሉ አፉ ድረስ መጣለት፤ ጣፈጠውም።

ከማዶ የብረት በር እየተንቋቋ ተከፈተ። ነጅሚያ ከጁምዓ ሶላት ተመልሳለች።

"ጋሽ ዘውዱ፣ እንዴት ዋሉ?" አለች እንደ ሁልጊዜው እጇን እያነሣች።

ደግሞ ሰላም ትለኛለች፣ አለ በሆዱ።

"ፍላሹ ደህና ነበር፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አላት ኛኪምን።

"አንተ?" ትክ ብላ አየችው። "ማታ ኳስስ?"

"ነጅሚያ በኬብል ከላፕቶፕ ጋር አገናኝታ ታስነሣዋለች። እኔ አልችልበትም።"

"እሺ ስጠኝ፣ እኔ እወስዳለሁ።"

አልሰጣትም። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር የራሱን ሪሲቨር አወጣና አቧራውን እፍ አለበት። ቅናቱ አልለቀቀውም። አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ ብብቱ ሥር ይዞ፣ ባጃጅ እስኪያልፍ ቆመና መንገዱን ተሻገረ።