ሰው የሌለበት ቤት

ጎማው ለአራተኛ ጊዜ ባለበት ሲሽከረከር ሳህሌ መሪውን በመዳፉ መታው። መኪናዋ ዳገቱን ከመውጣት ይልቅ ወደ ጎን መንሸራተቱን መርጣለች። ዞር ብሎ ቢያይ የጎረቤቱን የፖስታ ሣጥን ለመንካት አንድ ክንድ ያህል ነው የቀራት። ሞተሩን አጠፋና፣ እናቱ ፊት የማይወጣውን ስድብ ተሳድቦ ወረደ። በረዶው እስከ ጉልበቱ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ዋናው መንገድ ሌሊት ተጠርጓል፤ ወደ እሱ ቤት የምትወጣውን ሁለት መቶ እርምጃ ግን የሚጠርግ መንግሥት የለም፤ የግል መንገድ ናት። ቤቱን ሲገዛ "የግል መንገድ" የሚለው ነገር ክብር መስሎት ነበር።

ሲያትል ውስጥ ቤት መግዛት የማይቀመስ ሲሆንበት ነው፣ ወደ ተራራው አቅጣጫ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነድቶ እዚህ ጫካ ሥር የገባው። የአርባ ደቂቃው ነገር በበጋ ነው። ጓደኛው አማረ ያኔ፣ "ሳህሌ ሸፈተ" እያለ ለሰዉ ሁሉ ሲያወራበት፣ ሳህሌ አብሮ ይስቅ ነበር። ዘንድሮ ቀልዱ አያስቀውም። ትናንት በረዶ ይመጣል ሲባል ሚስቱ ጸጋና ልጃቸው ሃሴት ቡሪየን፣ የጸጋ እህት ቤት ቀሩ። እሱ ደግሞ ዛሬ በሌሊት ተነሥቶ፣ ጎማው ላይ ሰንሰለት አስሮ፣ ሶዶ የሚባለው የሲያትል ሰፈር ያለው መጋዘን ደረሰ፤ ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይሠራ፣ "የጭነት መኪናዎቹ ተራራውን ማለፍ ስላልቻሉ ወደየቤታችሁ" ተባለ። ሰንሰለቱም እመለሳለሁ ሲል ተበጠሰ።

እያለከለከ ዳገቱን ሲጨርስ ቀና ብሎ አየ። ከጎረቤቶቹ ቤቶች ጣሪያ ሁሉ ነጭ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከእሱ ቤት ምንም የለም። ማሞቂያው ቆሟል ማለት ነው። ባለፈው ወር ነው ባለሙያ መጥቶ የጠገነው። በሩን ከፍቶ ሲገባ የገዛ ትንፋሹ ፊቱ ላይ ጭስ ሆኖ ታየው።

እናቱ ወይዘሮ ባየሽ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። በጋቢያቸው ላይ የእሱን አሮጌ የሥራ ጃኬት ደርበዋል፤ በሻሻቸው ላይ የሃሴትን የሱፍ ቆብ ደፍተዋል።

"ምነው በጊዜ መጣህ?" አሉት፣ ደንገጥ ብለው።

"ሂተሩ ቆሟል እኮ፣ እማዬ። መቼ ነው የቆመው?"

"ተወው እሱን፤ ይነሣል። ጫማህን አውልቅ፣ ረጥቧል።"

"ይነሣል ማለት ምን ማለት ነው? በጸሎት ነው የሚነሣው?"

መልስ ሳይጠብቅ ወደ ጋራዡ ገባ። የማሽኑን ክዳን ከፍቶ ውስጡን አየ፤ ምን እንደሚያይ ግን አያውቅም። የመብራቱን ቆጣሪ አጥፍቶ አበራ። ደጅ ወጥቶ የጋዙን ጋን ከበረዶ ውስጥ ቆፍሮ አወጣና መለኪያውን አየ፤ ከግማሽ በላይ አለው። ተመልሶ ለጥገናው ድርጅት ደወለ። ሙዚቃ ከፈቱለት። ሙዚቃው አልቆ እንደ አዲስ ጀመረ። ወይዘሮ ባየሽ የጋራዡን በር ከፈት አደረጉ።

"ሳህሌ።"

"ቆይ፣ እማዬ።"

"አንድ ነገር ልንገርህ።"

"ስልክ ላይ ነኝ አልኩሽ እኮ።"

በሩ ተዘጋ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆየ። በመጨረሻ አንድ ሰውዬ አነሣ። ሳህሌ በአንድ ትንፋሽ የሆዱን ዘረገፈለት፦ ባለፈው ወር ተጠግኖ፣ በዚህ በረዶ፣ አሮጊት እናት ቤት ውስጥ እያሉ። ሰውዬው እስኪጨርስ ታገሠውና፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ አይቶት እንደሆነ ጠየቀው። ሳህሌ የተናቀ መሰለው። ማሽን ሲነካካ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ይህን የሚጠየቅ ሰው ነው? እየተበሳጨ ወደ ኮሪደሩ ሄደ። ከመቆጣጠሪያው ሥር ያለችው ትንሽ ማብሪያ ወደ ግራ ተገፍታለች። ቁጥሩ በፋራናይት አርባ ሰባት ይላል፤ እነሱ ስልሳ ስምንት ላይ ነው የሚተዉት። ማብሪያዋን ወደ ቀኝ ገፋት። ጋራዡ ውስጥ ማሽኑ አጉረመረመና ተነሣ። ሰውዬው መልካም ቀን ተመኝቶለት ዘጋ።

ሳህሌ ዞረ። እናቱ እዚያው ቆመዋል።

"አንቺ ነሽ ያጠፋሽው?"

"ልነግርህ ነበር እኮ። መች ጊዜ ሰጠኸኝ።"

"ዛሬ ብቻ ነው?"

ወይዘሮ ባየሽ የጋቢያቸውን ጫፍ አስተካከሉ።

"እማዬ፣ ዛሬ ብቻ ነው ወይ?"

"ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከመምጣቷ በፊት አበራዋለሁ። አንድ ቀን በርዷት አያውቅም፣ ጠይቃት። ራሷ ናት ያሳየችኝ፤ ወደ ቀኝ ሲገፋ ይነሣል፣ ወደ ግራ ሲገፋ ይተኛል ብላ።"

"ሶ፣ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ተጀቡነሽ ነው የምትውይው? ስኖው እየጣለ?"

"ሰው በሌለበት ቤት ምን ያነደዋል?"

"አንቺ አለሽ አይደለም እንዴ?"

"እኔማ ጋቢ አለኝ።"

ሳህሌ ሲጨንቀው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ይጮኻል። ሰዉ ቢሰማ እናቱን አምጥቶ በብርድ ፈጃት አይልም ወይ አለ። ለማን ብሎ ነው በሌሊት የሚወጣው አለ። ጋዙ ጋን ሙሉ ተቀምጦ፣ ማሽኑ ተጠግኖ፣ ምን አጣሽ አለ። ወይዘሮ ባየሽ ጩኸቱን እንደ ዝናብ አሳለፉትና ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ያልከውን ነው ያደረግኩት፣ ልጄ።"

"እኔ? እኔ ነኝ ሂተር አጥፊ ያልኩሽ?"

"አጥፊ አላልክም። በጥቅምት፣ ያ ጋዝ የሚያመጣው ትልቁ መኪና መጥቶ የሄደ ለት ማታ፣ ወጥ ቤት ከጸጋ ጋር ስትነጋገሩ ሰማሁህ። 'ቀን ቀን ማን አለና ነው ይኼ ሁሉ የሚነደው' አልካት። እሷ ዝም አለች። እኔም፣ እውነቱን ነው አልኩ።"

አላልኩም ሊል አፉን ከፈተ። ግን ብሏል። የት ቆሞ እንዳለው፣ የማቀዝቀዣውን በር ይዞ እንደነበር ሁሉ ትዝ አለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አፍም ሳይብስ አይቀርም።

"አንቺን ማለቴ አልነበረም" አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

"አውቃለሁ። እኔ መች ትዝ ብዬህ።"

በወቀሳ አልነበረም ያሉት። ዝናብ ጣለ እንደሚባለው፣ የሆነውን ነገር ነበር የተናገሩት። ሳህሌ አፈረ። ከልጅነቱ ወዲህ በእናቱ ፊት እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ወይዘሮ ባየሽ ሻይ ሊጥዱለት ወደ ወጥ ቤት አለፉ። ማንቆርቆሪያውን ሊያነሱ እጃቸውን ከጋቢው ሲያወጡ ሳህሌ ጣቶቻቸውን አየ። አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከኅዳር ጀምሮ እንዲሁ ናቸው፦ አብጠው፣ ቀይ ሥር ሲልጥ የዋለ ሰው ጣት መስለው። የእግራቸው ጣትም እንደዚያው ነው። ሲያሳክካቸው ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። ሦስት ጊዜ ሥራ ትቶ ክሊኒክ ወስዷቸዋል። ደም ተቀዳ፤ ስኳር ነው ተባለና አይደለም ተባለ፤ ኩላሊት ታየ፤ ቅባት ተሰጠ። ጸጋ የቤቱን ሳሙና በሙሉ ለወጠች። በመጨረሻ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ፣ "አገሩ አልተስማማቸውም" ብሎ ፈረደ፤ እነ ሳህሌም ከፋሲካ በፊት አዲስ አበባ ሊመልሷቸው ወሰኑ። የነገሯቸው ለት ወይዘሮ ባየሽ፣ "እንዳላችሁ" ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሱም። ሳህሌ ያኔ በሐኪሞቹ ተናደደ፤ አንድ ጣት ማዳን ያቃተው የአሜሪካ ሕክምና ምኑ ሕክምና ነው ብሎ ለአማረ አማረረ።

አሁን ግን፣ ማንቆርቆሪያውን ከያዙት ጣቶች ላይ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ሌላ ነገር ትዝ አለው። በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ ጎንበስ ብላ የእናቱን የእግር ጣት ካየች በኋላ፣ "ቤት ውስጥ ይበርዳቸዋል ወይ?" ብላ ጠይቃለች። እናቱን እንዲጠይቅላት ነበር። እሱ ግን አልጠየቀም። ጥያቄው ወደ እሱ የተወረወረ መስሎት ነበር፤ የመጋዘን ልብሱን አይታ፣ ቤቱን ማሞቅ የማይችል ሰው አድርጋ የቆጠረችው። "ቤታችን ሞቃት ነው" አላት፣ ባለችው እንግሊዝኛ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ። እናቱ "ምን አለች?" ሲሉት ደግሞ፣ "ምንም፣ ስለ ኑሮ ነው" አላቸው። ቅጹ ላይም አስተርጓሚ ያስፈልጋል ወይ ለሚለው፣ አያስፈልግም፣ ልጇ ነኝ ብሎ የሞላው ራሱ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የጠፋው መድኃኒት እሱ አፍ ውስጥ ኖሯል።

ስልኩን አወጣና ክሊኒኩ ደወለ። አሁንም ሙዚቃ ነበር፤ አሁን ግን አልተነጫነጨም። አንዲት ነርስ አነሣች። ሳህሌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እናቱም እንዲሰሙ ድምፁን ለቀቀውና የሆነውን ነገራት። ነርሷ ጥያቄ ጀመረች፦ ቆዳቸው ተሰንጥቋል? ጣታቸው ይደነዝዛል? በቀን ስንት ሰዓት ብርድ ውስጥ ይቀመጣሉ?

"ይደነዝዝሻል ወይ ትላለች፣ እማዬ።"

"ደህና ነኝ በላት።"

"እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ።"

"ሙቅ ቤት ነው ያለችው በላት።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ነርሷ አማርኛ የምትሰማ ይመስል። "ስንት ለፍተህ በገዛኸው ቤት፣ ልጄ ቤት በረደኝ ብዬ ለሰው አገር ሰው ላሳጣህ?"

"ምን አሉ?" አለች ነርሷ።

ሳህሌ ሙቅ ነው ትላለች ቢል ውሸት ነው። አይ፣ ይበርዳታል ቢል ደግሞ እውነት ነው፤ ግን እሳቸው ያላሉት ነው። እንዲህም አለ እንዲያ፣ የሚያወራው እሱ ነው።

"ይቅርታ፣ አስተርጓሚ ይገኛል?" አላት።

"በምን ቋንቋ?"

"በአማርኛ።"

ነርሷ ለአፍታ ፋይሉን አየች። ልጃቸው ስለሚያስተረጉም አያስፈልግም ይላል አለችው።

"አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። አሁን ያስፈልጋል።"

ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ የት እንዳለች የማትታወቅ ሴት ጥርት ባለ አማርኛ ወጥ ቤቱ ውስጥ ገባች።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እናቴ። እንደምን ዋሉ? የሚነግሩኝን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር ለነርሷ እነግራለሁ። ከእሷ ሌላ ለማንም አልናገርም።"

ወይዘሮ ባየሽ ስልኩን አዩ፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩ። እንደ ልማዳቸው እሱ እስኪመልስላቸው ጠበቁ።

"ላንቺ ነው፣ እማዬ" አለ።

"አንተስ?"

"እኔ በረዶ ልጠርግ ነው።"

ማንቆርቆሪያውን ከእጃቸው ተቀብሎ ምድጃው ላይ ጣደና ወንበር ሳበላቸው። አካፋውን ከጋራዥ ይዞ ሲወጣ ብርዱ ጥርሱን አጋጨው። መጠረግ ያለበት መጀመሪያ የበሩ መግቢያ ነው፤ የወጥ ቤቱ መስኮት ደግሞ ከመግቢያው በላይ ነው። መስኮቱ አሮጌ ነው፣ ድምፅ አያግድም። አካፋውን አንዴ በረዶው ውስጥ እንደሰካ የእናቱ ድምፅ መጣለት።

"እንግዲህ፣ የኔ ልጅ፣ ምኑን ልንገርሽ..."

እጁ ቀጥ አለ። ስለ እሱ ሊናገሩ ነው። ምን እንደሚሉ መስማት ፈለገ፤ ምናልባት በዕድሜው እንዲህ መስማት የፈለገው ነገር አልነበረም። የጣታቸውን ነገር ብቻ ሳይሆን አገራቸው መሄድ ይፈልጉ እንደሆነ፣ መቅረት ይፈልጉ እንደሆነ፣ ለእሱ በአንድ ቃል የዘጉትን ሁሉ ለዚች ለማያውቋት ሴት ሊነግሩ ይችላሉ።

አካፋውን ነቀለና ትከሻው ላይ አደረገው። ዳገቱን ወርዶ፣ ሁለት መቶውን እርምጃ አልፎ፣ መኪናዋ ከቆመችበት፣ ከታች ጀመረ።