ፍሬን የሌለው መደገፊያ

መሥሪያ ቤታችን ለጀማሪ ሥራ ፈጣሪዎች የመንግሥት ድጋፍ ሲሰጥ የአመልካቾች ስም ይሸፈናል። ሦስት ገምጋሚዎች ቁጥር ብቻ እያየን ነጥብ እንሰጣለን። የዘመድ ሥራ የደረሰው ገምጋሚ ተናግሮ ይወጣል።

እኔም ቁጥር አሥራ ሰባትን ሳይ ተናግሬ ወጣሁ። የሚታጠፍ አልጋ ነበር። አናጺው ታናሽ ወንድሜ ስለሚታጠፍ አልጋ ሳያወራ የዋለበት ቀን የለማ! ኮሪደር ላይ ቆሜ በሐቀኝነቴ ራሴን አደነቅሁ።

ቁጥር ዘጠኝ አዛውንቶች እየገፉ እንዲራመዱበት የተሠራ ባለ አራት ጎማ የእንጨት መደገፊያ ነበር። ሥዕሉን ባገላብጥ ባገላብጥ ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። ደሜ ፈላ። ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቼ ከሥሩ «ይህን የሠራ ሰው እናት የለውም እንዴ?» ብዬ ጻፍኩ።

ስሞቹ ሲገለጡ ዘጠኝ የወንድሜ ሆኖ አረፈው።

ክው አልኩ። ድጋፉን ካገኘ የራሱን የእንጨት ሥራ ቤት ይከፍታል፤ ካላገኘ በየሰዉ ቤት በር ሲጠግን ሊኖር ነው። ባልደረቦቼ ጥሩ ነጥብ ሰጥተውታል፤ የጣለው የእኔ ነው። ዝም ካልኩ ወደቀ። ወንድሜ ነው ካልኩ ደግሞ የእኔ ነጥብ ይሰረዝና እሱ ያልፋል፤ ሰዉም «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይለኛል። ይህ ልጅ ደግሞ ነፍሴ ነው።

ለኃላፊያችን ነገርኩት። «እንግዲያው ሌላ ሰው ይየው» አለና ለአንድ ጡረተኛ መሐንዲስ ሰጠው። ሰውየው ከእኔም ያነሰ ነጥብ ሰጥቶ ቁጭ! ወንድሜ ወደቀ።

እሑድ እናታችን ቤት ስሄድ የአስተያየቱን ወረቀት ይዞ ተቀምጧል።

«ማመልከትህን ለምን ደበቅኸኝ?» አልኩት።

«በእኔ የተነሳ መሥሪያ ቤት እንዳትቸገሪ ብዬ ነዋ፣ እታለም። ይልቅ ይሄ ‹እናት የለውም እንዴ› ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ትክ ብሎ አየኝና በሳቅ ፈረሰ። «የሞከርኩት እኮ በእማዬ ነው! ወር ሙሉ ስትሄድበት ከረመች። እስቲ ራሷን ጠይቂያት።»

እናታችን ቀና አላለችም።

«ሁለቴ ጥሎኛል» አለች ቀስ ብላ። «ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ ልጄ።»

ወንድሜ ወረቀቱን ጥሎ ተንበረከከ፤ የቀሚሷን ጫፍ ገለጥ አድርጎ ጉልበቷን ማየት ጀመረ።