የእሜቴ ፈገግታ የሩዝ ኳሶች

ልብስ ሰፊዋ የልጇን አማት ፊት ለፊት «እህቴ» እያለች ትጠራታለች፤ በሆዷ ግን ስም አውጥታላታለች፦ እሜቴ ፈገግታ። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆንማ በሐሜት ይወጣላት ነበር። ደግነቷ ነው አንጀት የሚያሳርረው።

አንድዬ ልጇ ሳያገባ በፊት የእሑድ ምሳው እናቱ ዘንድ ነበር። አሁን አማቱ ቤት ማብዛት ጀመረ። ባለፈው እሑድ እሷም ተጠርታ ሄደችና ምክንያቱን በዓይኗ በብረቱ አየችው፦ የጣሊያን የሩዝ ኳስ። ላዩ በዳቦ ፍርፋሪ ተጠብሶ የቀላ፣ ሲነክሱት ኮሽ የሚል፣ ውስጡ የተፈጨ ሥጋና የሚሳብ አይብ። ልጇ እስክትጎርስ ድረስ ዓይን ዓይኗን ያያት ነበር።

«እንዴት ነው እማ?»

«ደህና ነው» አለች፤ ሬት ሬት እያላት። እውነቱን ለመናገር እንዲህ የሚጥም ነገር ቀምሳ አታውቅም።

«ለመሆኑ እኔስ እጅ የለኝም?» ብላ በሳምንቱ ልጇን ጠራችው። ሚስቱ ሥራ ስለነበራት ብቻውን ሊመጣ ተስማማ። አሠራሩን ያቺን ሴትዮ መጠየቅ ለልብስ ሰፊዋ ሞቷ ነው። ደግሞስ ሩዝ ለእሷ! ሰፈሩ ያውቃታል፤ የእሷ ሩዝ ፍሬ ከፍሬ አይነካካም። እንደ ልማዷ ውኃው ጥርት እስኪል አጠበችው፣ ቀቀለችው፣ እጇ እየተለበለበ በትኩሱ ታድበለብለው ጀመር። ስትጨብጠው ይሰበሰባል፤ ስትለቀው እንደ አሸዋ ይፈርሳል። በስንት መከራ እንቁላል ነክራ፣ ፍርፋሪ አልብሳ የፈላ ዘይት ውስጥ ብትጨምረው ጉድ ፈላ። ሩዙ ለብቻው፣ ሥጋው ለብቻው፤ አይቡማ ከድስቱ ቂጥ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

ልጇ የደረሰው ይኼኔ ነው። ድስቱን አይቶ ከንፈሩን ነከሰ።

«ሳቅ! ሂድና ለአማትህም ንገራት!»

«እማ፣ ሩዙን አጥበሽዋል እንዴ?»

«ሳይታጠብ ይበላል?»

«ለዚህ አይታጠብም። የሚያጣብቀው እኮ ያ ነጩ ውኃ ነው። ደግሞ ሳይቀዘቅዝ አይድበለበልም።»

«አንተ ይሄን በምን አወቅህ?»

አቀረቀረ። «ያን ቀን የበላሽውን የሠራሁት እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ከአማቴ ጋር አብረን እናበስላለን። ሳታውቂ እንድትፈርጂልኝ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«እኔ ጋስ ለምን አልተማርክም?»

«አንቺማ ኩሽና በር ላይ ካየሽኝ ‹እጅህን ትቃጠላለህ፣ ውጣልኝ› ነበር የምትዪኝ።»

ያን እጅ እንደ ዓይኗ ብሌን ጠብቃ አሳድጋ፣ ለሌላ ሴት አስረክባዋለች። ቅናቱ አሁን ባሰባት። ሩዙንስ ትርሳው፤ እሜቴ ፈገግታ ልጁን ከጎኗ አቁማ ያሳለፈቻቸውን እሑዶች ግን ማን ይመልስላታል?

ልጁ ሌላ ሩዝ ሳያጥብ ቀቀለ፤ ትሪ ላይ ዘርግቶም አቀዘቀዘው። እጁን ውኃ ነክሮ ከሩዙ ዘገነ፣ በአውራ ጣቱ መሀሉን ጎድጎድ አደረገ፣ ሥጋና አይብ ከትቶ ደፈነው።

«እስቲ አሁን አንቺ።»

እጇን አረጠበችና ሞከረች። በአንድ ጎኑ ተሰነጠቀባት። ልትወረውረው እጇን አነሳች።

«ግድ የለም እማ፣ ቀስ በይ» ብሎ ከመዳፏ ሳያነሳ ስንጥቁን ደፈነላት።

ይህን ትዕግሥት ከእሷ አልወረሰውም፤ ከማን እንደተማረው ግን ገባት።